ዜማ የሚያቆየውና የሚያስረሳው፦ የወሎ መንዙማ በትዝታ ሚዛን

በቃል የሚያዝ እውቀት በዜማ ይጸናል የሚለው አስተያየት በመድረሳዎቻችን የቆየ ነው፤ መሠረትም አለው። ይሁን እንጂ ዜማ የትኛውን ቃል እንደሚያቆይና የትኛውን እንደሚያስረሳ ሳይመረመር ውለታው ብቻ ሲወሳ ይሰማል። በዚህ ጽሑፍ የወሎን መንዙማ ከዚህ አንጻር እንመዝናለን። የድቤንና የሌሎችን መሣሪያዎች ፍርድ በተመለከተ በፉቀሃእ መካከል ያለው ልዩነት ራሱን የቻለ ርእስ በመሆኑ አንገባበትም።

«መንዙማ» የሚለው ስም «ነዝም» ከተሰኘው የዐረብኛ ቃል የወጣ ሲሆን በሥርዓት የተሰካ፣ በግጥም የተዋቀረ ማለት ነው። ዑለማእ ግጥምን ለማስተማሪያነት የመረጡት ለጌጥ አልነበረም። በ672 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብን ማሊክ ነሕውንና ሶርፍን በ«አልፊያ» ወደ 1,000 በሚጠጉ የረጀዝ ስንኞች ሰብስበዋል። በ590 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም አሽ-ሻጢቢይ ደግሞ ሰባቱን ቂራኣት በ1,173 ስንኞች አጠቃለው፣ ቃሪኦችንና ራዊዎችን በፊደል ምልክት ተክተው፣ ሥራውን ከመነሻ እስከ መድረሻ በላም ቤት አስረዋል። በእነዚህ ሥራዎች ምቱ ዘበኛ ነው። አንድ ቃል ቢወድቅ ስንኙ ይሰበራል፤ ደረሳውም መምህሩ ሳይነግረው ስሕተቱን በጆሮው ይይዘዋል።

የሥነ ልቦና ምርምርም ወደዚሁ ያመራል። ዴቪድ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ቃል ትውፊት ባሳተሙት መጽሐፍ ምት፣ ቤት መምቻና ምናባዊ ሥዕል ተባብረው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እንደሚያጠብቡ አስረድተዋል። ዋንዳ ዋላስ በ1994 ያቀረቡት ሙከራ ደግሞ ገደቡን ያሳያል። በዜማ የተሰማ ግጥም በንግግር ከተሰማው ይልቅ የታወሰው ያው ዜማ በየአንጓው ሲደጋገም ነበር፤ አንድ አንጓ ብቻ ሲሰማ ግን ዜማው አልጠቀመም። ስለዚህ ለትዝታ የሚረዳው የዜማው መኖር ብቻ ሳይሆን ተደጋግሞ መለመዱ ነው።

የወሎ መንዙማ ይህን ሥርዓት ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በሐድራ አውጪው አንጓውን ይላል፣ ጀማዓው አዝማቹን ይቀበላል፤ አንድ ዜማም በርካታ አንጓዎችን ይሸከማል። በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በተገደደበት ዘመን፣ ሸይኽ ጠልሐ ብን ጃዕፈር በአማርኛ ዐጀሚ መንዙማ ማዘጋጀታቸው ከዚህ ኃይል ተለይቶ አይታይም። ዐረብኛ የማያነብ ገበሬ ኪታብ ባይገልጥም አዝማች ይቀበላል።

ሆኖም ብርታቱ የሚገኝበት ቦታ ድካሙም የሚገኝበት ነው። አዝማቹን ሁሉም ይለዋል፤ አንጓዎቹን የሚያውቃቸው ግን አውጪው ነው። ሰላዋቱ በሕዝብ አንደበት ሲጸና፣ ዐቂዳው፣ የመሻይኹ ሲልሲላና ታሪኩ በአንድ ሰው ልብ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚህም ሌላ በዜማ ብቻ የተያዘ ቃል እንደ ሰንሰለት ነው፤ ከመካከል ሲጠየቅ ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ቃሉን ተሸክሟል እንጂ ትርጉሙን ጨብጧል ለማለት ያስቸግራል።

ካሴትና ከእርሱ በኋላ የመጣው የእጅ ስልክ መንዙማን አዳኑ የሚሉ አሉ። ከፊሉን እንቀበላለን። የዐጀሚ ብራናና ወረቀት በአብዛኛው ቃሉን እንጂ ዜማውን አይመዘግብም፤ ቅጂ ግን ድምፁን ይዟል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ሐድራ በካሴት አንድ ገጽ አይገባም። ሲያጥር የሚቀረው አዝማቹና ለጆሮ የሚጥመው አንጓ ነው፤ የሚቆረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ትምህርት ያለበት ረጅሙ ክፍል ነው። አድማጭ ቅጂውን ሙሉ አድርጎ ስለሚወስደው፣ ያልተቀዳው አንጓ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እንዲህ ሲሆን መቅጃው ድምፅን እያቆየ ትዝታን ያሳጥራል።

ስለዚህ መምህራንና ኢማሞች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየአካባቢው ያሉ አረጋውያን አውጪዎች የሚያውቁት አንጓ ሳይቆረጥ በዐጀሚም በፊደልም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ዜማው ከዚሁ ሙሉ ቃል ጋር ይቀዳ። ሦስተኛ፣ ደረሳው አንጓውን ያለ ዜማ እንዲናገርና እንዲያብራራ ይጠየቅ። ይህ ካልሆነ አንድ አውጪ ባረፈ ቁጥር በአንድ በኩል ዜማ የሌለው ጽሑፍ፣ በሌላ በኩል ቃሉ የጎደለ ድምፅ እየቀረ ይሄዳል፤ የሁለቱን መጋጠሚያ የሚያውቅ ሰው ግን አይኖርም።