ባልንጀራ ስለ መሆን፤ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ትርጓሜ ላይ የተደረገ ምርመራ

ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን ምሳሌ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ትርጓሜውንም ከመምህራን እግር ሥር ተቀምጠን እንዲህ ተምረነዋል፤ የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት፥ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፥ ወንበዴዎቹም አጋንንት ናቸው፤ አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ኦሪትና ነቢያት ናቸው፤ ሳምራዊው ጌታችን፥ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ይህ ትርጓሜ ከአበው የመጣ ነውና ክቡር ነው፤ እኔም የምነቅፈው እርሱን አይደለም።

የምነቅፈው በዚያ ላይ ማቆማችንን ነው። ካህኑ ኦሪት ነው ብለን በተረጐምን ጊዜ፥ መስቀል ይዘን የቆምን እኛ ካህናት ከተግሣጹ እናመልጣለን፤ ሳምራዊው ጌታ ነው ብለን በተረጐምን ጊዜም፥ የሳምራዊውን ሥራ መሥራት ከእኛ የማይፈለግ እናስመስላለን። ምሥጢሩ ንባቡን ሊያበራው ሲገባ ጋረደው። ንባቡ ግን ግልጥ ነው። ሕግ ዐዋቂው የጠየቀው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ነበር፤ ጌታችን ግን ጥያቄውን ገልብጦ፥ ለተደበደበው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው። እንግዲህ ባልንጀራ ማለት ራስን አስጠግቶ የሚሆኑት ነገር ነው እንጂ ከዘመድ መካከል ተመርጦ የሚገኝ አይደለም። ያም የሆነው ሰው፥ አይሁድ በዘርም በአምልኮም የማይቀላቀሉት ሳምራዊ ነበረ።

ለዚህ ነገር ምስክር ለመፈለግ ከኢሉባቦር መውጣት አያሻንም። በመቱ አቅራቢያ ባለችው በሁሩሙ አጠገብ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ገደማ ሂካ የሚባል ሕፃን ተወለደ፤ የስሙም ትርጓሜ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት፤ በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀው ወሰዱት፤ ስምንት ጊዜም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 በምጽዋ ነጻ ያወጣው ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነው፤ ያስተማሩትም በእምኩሉ የነበሩ የስዊድን ወንጌላውያን ናቸው። ከሁሩሙ እስከ ምጽዋ በተነዳበት መንገድ ሁሉ ስንት ቤተ ክርስቲያን፥ ስንትስ ካህን ነበረ? በዚያ ጊዜ አይቶ ያለፈው ኦሪት አልነበረም።

ይህ ልጅ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ቅዱስ ጳውሎስ ከባርነት አልፎ ወንድም ሆኖ ይታይ ዘንድ ለፊልሞና የጻፈለት የዚያ ሰው ስም ነው። አድገውም ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ በኋላም አባ ገመቺስ የተባሉት እርሳቸው ሐዲስ ኪዳንን በኦሮምኛ ተርጉመው በ1893 በእምኩሉ፥ መላውን መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና አሳተሙ። መጽሐፉ ነቀፌታ የለበትም አይባልም። የተጻፈበት የግዕዝ ፊደል የድምፅን መርዘምና የፊደልን መጥበቅ ለይቶ አያሳይምና፥ በጋ የሚባለውና ኩራት የሚባለው ቃል ሁለቱም ቦና ተብለው ይጻፋሉ። ተርጓሚውም ከአገራቸው በልጅነት ስለ ተለዩ የብዙ ቃል ችግር ነበረባቸው። ይህን ችግር ያቃለለችላቸው፥ ከሊሙ አገር ተሽጣ በ1886 ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት፤ ቃላቱን ሰበሰበች፥ የሕዝቡንም ዘፈንና ተረት ጻፈች። ከተለያየ አውራጃ የተሰረቁ ሁለት ልጆች በባዕድ አገር ሰዎች ቤት ተገናኝተው ይህን ሠሩ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብተው ባስተማሩ ጊዜ ግን በካህናት ተከስሰው እንዳይሰብኩ ተከለከሉ። በሃይማኖት ትምህርት ከእርሳቸው ጋር የምንለያይበት ነገር አለ፤ አልሸሽገውም። ነገር ግን ሕዝብ ቃሉን በገዛ ቋንቋው ይስማ ማለት በየትኛው ጉባኤ ይነቀፋል?

እኔም ራሴ ከተደበደበው ሰው ወገን ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በጸና ጊዜ፥ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በተወሰደው 600 ሺህ ያህል ሕዝብ መካከል ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የመጣሁ ልጅ ነበርሁ። ከእኛ ውስጥ ክርስቲያንም እስላምም ነበረ። በስግሰጋ ስለ ተመደብን፥ ጎጆ የሠሩልንና እህል ያዋጡልን የአገሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ይህም በትእዛዝ ነበር እንጂ ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። ነገር ግን ትእዛዙ ያላለውን ያደረገች አንዲት የኦሮሞ እናት ነበረች። በትኩሳት በወደቅሁ ጊዜ ከእሳቷ አጠገብ አስተኝታ፥ ጎደሬ ቀቅላ፥ ማር በጥብጣ፥ «ኢልማ ኮ» (ልጄ) እያለች አዳነችኝ። ቋንቋዋንም ያስተማረችኝ እርስዋ ናት።

ከብዙ ዘመን በኋላ ተምሬ፥ ቅስና ተቀብዬ ወደ መቱ ተመለስሁ። ኦሮምኛ ግን የገበያ ቋንቋ ነው እንጂ የዐውደ ምሕረት አይደለም ብዬ በአማርኛ ብቻ እሰብክ ነበር። አንድ እሑድ ይህንኑ ምሳሌ ከነምሥጢሩ ተረጐምሁ። ያች እናት አርጅታ በመቋሚያ ተደግፋ ቆማ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ተሳልማ ምን እንዳስተማርሁ በቋንቋዋ ጠየቀችኝ፤ ታሪኩንም ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ሰውዬው ከዳነ በኋላ ያን ሳምራዊ ሄዶ ጠየቀውን?» አለችኝ። ወንጌሉ ይህን አይናገርም፤ በጉባኤም ሲጠየቅ አልሰማሁም። እኔ ግን ወደ መቱ ከተመለስሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ሳለ ደጇን አልረገጥሁም ነበር።

ስለዚህ በትርጓሜያችን ላይ ይህ ይጨመር እላለሁ። አንድም፤ አይቶ ያለፈው ካህን እኔ ነኝ። አንድም፤ የዳነው ሰው ያዳነውን ሄዶ ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ የተደረገ ምሕረት ምጽዋት ነውና፥ ወዳጅነት የሚሆነው በመመላለስ ነው። ይህ ሃይማኖትን ይደባልቃል የሚል ቢኖር፥ ሳምራዊው ቁስሉን ሲያስር የሰውዬውን ሃይማኖት አልጠየቀም፥ የራሱንም አልካደም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በቶሌ፥ ከወሎ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው በተገደሉ ጊዜ በእኛም ከተሞች ፍርሃት ገብቶ ነበር። በፍርሃት ቀን የሚከፈት ደጅ አስቀድሞ በሰላም ቀን የተመላለሱበት ደጅ ነው። እንግዲህ በመቱ፥ በጎሬ፥ በሁሩሙና በበደሌ ያላችሁ መምህራን፥ የምታስተምሩትን ሕዝብ ቋንቋ ተማሩ፤ የጎረቤታችሁን ቡና ጠጡ፥ ቡናችሁንም አጠጡ፤ እስላሙ ጎረቤታችሁ ባዘነ ቀን ከድንኳኑ አትለዩ።

እኔ ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ እርስዋ ቤት ሄድሁ፤ እስካረፈችም ድረስ ተመላለስሁ። ስብከቴንም በሁለቱ ቋንቋ አደረግሁ። ለሕግ ዐዋቂው ሄደህ አንተም እንዲሁ አድርግ ያለ ጌታ፥ ሄዶ ማድረግን ለሁላችን ያድለን። አሜን።