የእርሳስ ፊርማና የላውሪ ነጭ

በእርሳስ የተጻፈ ፊርማ ያየ ገዢ ብዙውን ጊዜ ሥዕሉን ማየት ያቆማል። የታተመው ሦስት መቶ ቅጂ ብቻ ነው ከተባለማ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል። የእንግሊዛዊው ሠዓሊ የኤል. ኤስ. ላውሪ (እ.ኤ.አ. 1887–1976) ኅትመቶች እንዲህ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ዛሬም በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ያወጣሉ።

ለመሆኑ የተፈረመበት ነገር ምንድን ነው? ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በማንቸስተር ቀን ቀን የቤት ኪራይ እየሰበሰበ፣ ማታ ማታ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችንና እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሰዎች የሚርመሰመሱበትን የከተማ ገጽ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። በ1953 «ወደ ግጥሚያው» የተሰኘውን፣ ሕዝብ ወደ ቦልተን ስታዲየም ሲተም የሚያሳየውን ሥዕል ሠራ። በ1972 ሥዕሉ በፎቶግራፍ ተነሥቶ በማተሚያ መኪና ተባዛ፤ ላውሪ 300 ቅጂ ላይ ፈረመ። ሠዓሊው ለኅትመት ብሎ በገዛ እጁ ከሣላቸው ጥቂት ጥቁርና ነጭ ሊቶግራፎች ጋር ይህን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ዋናው ሥዕል በ2022 በጨረታ 7.8 ሚሊዮን ፓውንድ ማውጣቱም ለቅጂው ምስክር አይሆንም።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ነጩ ነው። ሥዕሎችህ ጨለሙ ብሎ የወቀሰው መምህር ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ላውሪ መደቡን በነጭ መቀባት ያዘ። ነጩም ዕድሜ ሲጠግብ ወደ ወተትማና ወደ ግራጫ እንዲያዘነብል ይሻ ነበር፤ ነጭ የቀባውን ሰሌዳ ለዓመታት ዘግቶ አቆይቶ፣ አዲስ ከቀባው ጋር እስከ ማስተያየት ደርሷል። በአምስት ቀለም ብቻ ለሚሠራ ሰው ነጩ ሰማይም፣ መሬትም፣ ጭስም ነው።

ኅትመቱ ላይ ግን ጊዜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ፀሐይ ያየ እንደሆነ ቀዩና ቢጫው ቀድመው ይከዱታል፤ የሚቀረው ሰማያዊ ያጠላበት የገረጣ ሕዝብ ነው። አሲድ ያለበት የፍሬም ካርቶን በወረቀቱ ዙሪያ ቡናማ መስመር ይተዋል። (ይህን «የዕድሜ ውበት» ብለው የሚሸጡ አሉ፤ እርጅናው የካርቶኑ እንጂ የላውሪ አይደለም።) ስለዚህ ገማች ነኝ ባይ ፊርማውን ከማየቱ በፊት ፍሬሙን ያስፈታ፤ ካርቶኑ ከልሎት የኖረ የሥዕል ጠርዝ ካለ፣ ብርሃን ከመታው መሐል ጋር ያስተያየው። ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ ዋጋውም ያንኑ ያህል ይውረድ።

ኅዳጉን ለፍሬም ይመች ብሎ መቁረጥ ይቅርታ የለውም፤ ፊርማውም፣ አንዳንዴ ያለ ቀለም ተጭኖ የሚታተመው ማኅተምም እዚያው ነው። በስኮች መለጠፍም እንዲሁ። ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ የተያዘ ቀጭን የጃፓን ወረቀት ከላይ በኩል ይበቃዋል። ካርቶኑ ከአሲድ የጸዳ፣ መስተዋቱም አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከልና ወረቀቱን የማይነካ ይሁን። ከወጥ ቤት እንፋሎት ይራቅ፤ እርጥበቱ ብዙም የማይለዋወጥ የውስጥ ግድግዳ ይሻለዋል። ሰው ሁሉ ለሥዕል የሚመርጠው ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ ግን ቀዩን ቀድሞ የሚበላው ነው።