አዲስ ከርነል ሁሉን አያድንም

“ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ነው? ከርነሉን አድሰው!” የሚል ምክር በየኮምፒውተር ክፍሉ ይሰማል። ምክሩ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ከርነል የሊነክስ እምብርት ነው፤ ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሲታደስ የደኅንነት ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ አዳዲስ ዕቃዎችንም ያውቃል። 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ግን ያው 512 ነው። ስዋፒነስ የሚባለውን ቁጥር ከ60 ወደ 10 ማውረድም ተአምር አይሠራም፤ እንደ ኤልኤክስዲኢ ያለ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ መጫን ይሻላል።

ትልቁ ቅሬታችን ግን ሌላ ነው። ደቢያን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለባለ 32 ቢት ማሽኖች ከርነል ማዘጋጀቱን ትቷል። ለአዘጋጆቹ ሥራው እንደሚቀልላቸው አንክድም። ጉዳቱ የሚያርፈው በእርዳታ በመጣ አሮጌ ኮምፒውተር በሚማር ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህራን፣ ከማደሳችሁ በፊት የፕሮሰሰሩን ዓይነት እዩ፤ ባለ 32 ቢት ከሆነ በ2023 በወጣው 12ኛ እትም ላይ ቆዩ። አሮጌውንም ከርነል ቶሎ አታጥፉት፤ አዲሱ አልነሳም ቢል ከግሩብ ዝርዝር ውስጥ አሮጌውን መርጣችሁ ትገባላችሁ። የካርቱምን መብራት የሚያውቅ ደግሞ ያለ ዩፒኤስ እድሳት አይጀምርም።