ከእሳቱ ወዲያ ማዶ፦ ስለ ተራኪና ስለ ጊዜ

ከሩሲያዊው ደራሲ ከአንቶን ቼኾቭ ሥራዎች መካከል «ተማሪው» የምትባል አንዲት በጣም አጭር ልብወለድ አለች። የታተመችው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከአራት ወይም ከአምስት ገጽ አትበልጥም፤ አንድ ሲኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ ትነበባለች። ቼኾቭ ራሱ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ ይወዳት እንደነበር በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች መስክረዋል። እኔ ደጋግሜ ባነበብኳት ቁጥር አንዲት ሴት ትይዘኛለች፤ በታሪኩ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ስትናገር አትሰማም። ወደ እሷ እንድንደርስ መጀመሪያ ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ዕለቱ ስቅለት ነው። ኢቫን ቬሊኮፖልስኪ የሚባል የመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተማሪ አደን ውሎ በሜዳው አቋርጦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀን ላይ ደህና የነበረው አየር ሲመሽ ከፍቷል፤ ነፋሱ ይጋረፋል። ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ የተበሰለ ነገር የለም፤ ርቦታል። እየሄደ የሚያስበው፣ ይኸው ነፋስ በጥንቶቹ ነገሥታት ዘመንም እንዲሁ ይነፍስ እንደነበር፣ ያው ረኀብና ያው ቀዳዳ የሣር ክዳን ያኔም እንደነበረ፣ ሌላ ሺህ ዓመት ቢጨመርበትም ኑሮ እንደማይሻሻል ነው። ወደ ቤቱ መግባት እንኳ ያስጠላዋል።

መንገዱ ዳር ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሁለት ሴቶች፣ እናትና ልጅ፣ የሚያለሙት የአትክልት ቦታ አለ። እሳት አንድደዋል። እናቲቱ ቫሲሊሳ የወንድ ካፖርት ለብሳ ቆማለች። ልጇ ሉኬሪያ መሬት ላይ ተቀምጣ ድስትና ማንኪያ ታጥባለች። ኢቫን እጁን ወደ እሳቱ ዘርግቶ፣ ጴጥሮስም እንዲህ ባለ ብርድ ሌሊት እሳት ይሞቅ እንደነበር ያነሣና የክህደቱን ታሪክ ይተርክላቸዋል። ሲጨርስ ቫሲሊሳ ታለቅሳለች፤ እንባዋን ያፈረችበት ይመስል ፊቷን በእጅጌዋ ከእሳቱ ብርሃን ትከልላለች። ሉኬሪያ ግን ዓይኗን ከተማሪው ላይ ሳትነቅል ፊቷ ይቀላል፤ ከባድ ሕመም አምቃ እንደያዘች ሰው ትሆናለች። ተማሪው ደህና እደሩ ብሏቸው ይሄዳል። ጥቂት እንደተራመደ ልቡ በድንገት በደስታ ይሞላል።

እንዲህ ሲጠቃለል ለሰንበት ትምህርት የሚሆን ደግ ታሪክ ይመስላል። ቼኾቭ ግን እንዲህ አልነገረንም፤ ልዩነቱ ያለውም ተራኪውን ባቆመበት ቦታ ላይ ነው።

በትምህርት ቤት ስለ «አንጻር» ተምራችኋል። ፈተና ላይ «አንደኛ መደብ» ወይም «ሦስተኛ መደብ» የሚለውን አክብበን እናልፋለን፤ ዋናው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ተራኪው የቆመበት ቦታ አንባቢውን ምን ያሳየዋል? ምንስ ይሰውረዋል? ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 በጻፋት «ቫንካ» በምትባለው ታሪክ ውስጥ የ9 ዓመት ልጅ ከጫማ ሰሪ ቤት ሆኖ ለአያቱ ደብዳቤ ይጽፋል፤ በፖስታው ላይ የሚያሰፍረው አድራሻ ግን ገጠር ላለው አያቱ ከማለት ብዙም አያልፍም። ደብዳቤው እንደማይደርስ እኛ እናውቃለን፣ ልጁ አያውቅም። እዚያ አንባቢው ከባለታሪኩ ከፍ ብሎ ስለቆመ አንጀቱ ይላወሳል። በ«ተማሪው» ግን ከፍ ብሎ መቆሚያ የለንም። ተራኪው ሦስተኛ መደብ ቢሆንም ከኢቫን ጭንቅላት ብዙ አይርቅም፤ የምናየው እሱ ያየውን ነው፣ የሚበርደንም እሱን ሲበርደው ነው። ሴቶቹን ከውጭ ብቻ እናያቸዋለን። እንባ እናያለን፤ የእንባውን ምክንያት ግን ተራኪው አይነግረንም።

ምክንያቱን የሚነግረን ኢቫን ነው። ቫሲሊሳ ያለቀሰችው እሱ ልብ በሚነካ አነጋገር ስለተረከላት ሳይሆን ጴጥሮስ ለእሷ ቅርቧ ስለሆነ ነው ብሎ ይደመድማል። ደስታውም ከዚህ ይነሣል፤ ከ19 መቶ ዓመት በፊት የሆነው ነገር ዛሬ ከዚህች ባልቴት ጋር ከተገናኘ፣ ያለፈው ዘመንና የአሁኑ ባልተቆረጠ ሰንሰለት ተያይዘዋል ማለት ነው። እሱ አንዱን ጫፍ ነካ፣ ሌላው ጫፍ ተንቀጠቀጠ።

እዚህ ላይ ስለ ጊዜ የሆነውን ልብ በሉ። ኢቫን እሳቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ያስጨነቀው ሐሳብ ጥንትና ዛሬ አንድ መሆናቸው ነበር። ከእሳቱ ሲለይ ደስ ያሰኘውም ሐሳብ ጥንትና ዛሬ አንድ መሆናቸው ነው! ነፋሱ አልተለወጠም፣ ድህነቱም አልተለወጠም። በመካከል የገባው አንድ ትረካና ሁለት አድማጮች ብቻ ናቸው። ታሪኩ ቢቆጠር ከአንድ ምሽት ቁራጭ አያልፍም፤ በዚያ ቁራጭ ውስጥ ግን ደራሲው 19 መቶ ዓመት አጥፎ አስገብቶበታል፤ ያውም አንድም የምልሰት ምዕራፍ ሳይከፍት፣ እሳት ከእሳት ጋር በማስተያየት ብቻ።

ኢቫን ታሪኩን የወሰደው ከወንጌል ነው፤ ወንጌላውያኑ ራሳቸው ይህን ሌሊት በምን ቅደም ተከተል እንደተረኩት ብታስተያዩ ብዙ ትማራላችሁ። ማርቆስ ጴጥሮስን ከእሳቱ አጠገብ አስቀምጦት ወደ ችሎቱ ይገባል። የሐሰት ምስክሮቹን፣ የሊቀ ካህናቱን ጥያቄ፣ ምራቁንና ጥፊውን ተርኮ ሲያበቃ ነው ወደ ግቢው የሚመለሰው። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይሰሙናል፤ ውስጥ ጌታ ማንነቱን ሲናገር፣ ውጭ ደቀ መዝሙሩ ይክዳል። ሉቃስ በአንጻሩ ችሎቱን ወደ ንጋት ያሳልፈዋል፤ ዓይናችን ከጴጥሮስ ላይ አይነሣም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክህደት መካከል አንድ ሰዓት ያህል እንዳለፈ የሚነግረን ሉቃስ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት! ሁለት ጊዜ ክዶ፣ ሳይሄድ፣ እሳቱ ዳር አንድ ሰዓት። ሉቃስ በጥቂት ቃል ዘልሎት ያልፋል፤ አንባቢው ግን እዚያው ይቀራል።

ጌታ ዘወር ብሎ ጴጥሮስን እንዳየው የሚናገረውም ሉቃስ ብቻ ነው። የኢቫን ትረካ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ጥድፊያ ላይ ያለ አንባቢ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በእሱ አነጋገር የሚመለከተው ጌታ አይደለም፤ ጴጥሮስ ነው ከሩቅ ኢየሱስን የሚመለከተው። ዶሮ ይጮኻል፣ ጴጥሮስ ከሩቅ ያያል፣ ቃሉን ያስታውሳል። ኢቫን ከዚያ በፊትም ጴጥሮስ እንቅልፍ እንዳጣ፣ እንደዛለ፣ ጌታውን አጥብቆ ይወድ እንደነበር፣ ከሩቅ ሆኖም ሲመቱት እንዳየ ጨምሮ ይናገራል። ትረካውን ሙሉ በሙሉ ወደ ጴጥሮስ ዓይን አዛውሮታል። ይህን አውቆ ያደረገው አይመስለኝም፤ በርዶት እሳት ዳር የቆመ ወጣት ስለሆነ እሳት ዳር ከቆመው ሰው ጋር ራሱን አንድ አደረገ። ለትረካው ኃይል የሰጠውም ይህ ይመስለኛል። ሴቶቹ ስለ ጴጥሮስ አልተነገራቸውም፤ በጴጥሮስ ቦታ ቆመው አዩ።

ታዲያ ሉኬሪያ ምን አየች? ቼኾቭ ገና ስናገኛት ስለ እሷ ከሚነግረን ጥቂት ነገር አንዱ ባሏ ይደበድባት እንደነበር ነው። በሩሲያኛው ይህን የሚናገረው ቃልና ኢቫን ኢየሱስ መመታቱን ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ተራኪው ሁለቱን አያገናኝልንም። ኢቫንም አላገናኛቸውም፤ እሱ የሚያስበው ስለ ጴጥሮስ ነው። እኔ ግን እላለሁ፣ ሉኬሪያ በዚያ ግቢ ውስጥ ያየችው እሳት የሚሞቀውን ሳይሆን የሚመታውን ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫ የለኝም፤ ደራሲው በሩን ዘግቶብኛል። ሁሉን አወቅ ተራኪ ቢሆን ኖሮ ወደ ልቧ ገብቶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነግረን ነበር፤ እኛም ነገሩን አውቀን ገጹን እንገልጥ ነበር። አሁን ግን መልሰን እናነባለን።

በወጣቶች ኅብረት ውስጥ የሚጻፉ አጫጭር ልብወለዶችን ሳነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለኝ ይህ ነው። ተራኪው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያወራል። ልጁ ገና ሲጠጣ እንደሚመለስ እናውቃለን፤ እናቱ ስትጸልይ እንደሚመለስላት እናውቃለን። ምስክርነት በባሕርዩ ከፍጻሜው የሚነገር ነው፣ ያ ተገቢ ነው። ልብወለድ ግን ባለታሪኩ ያላወቀውን ቀን ሳያውቅ እንዲኖር ሊፈቅድለት ይገባል፤ ያለዚያ ጥርጣሬው ጌጥ ይሆናል፣ እንባውም ለማስመሰል የፈሰሰ ይመስላል።

ቼኾቭ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አድርጓል። እስከዚያ ድረስ ከኢቫን ጋር ተጣብቆ የቆየው ተራኪ ድንገት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና፣ ኢቫን ገና 22 ዓመቱ እንደሆነ ያስገባልናል። ሕይወትም ድንቅ ሆና የታየችው ለእሱ መሆኑን ይጠቁማል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ይዞ ደስታው የጉርምስና ሞቅታ ነው ይላል፤ እጁ ስለሞቀ ነው። ሌላው እውነተኛ ብርሃን በራለት ይላል። የእኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰንሰለቱ እውነት ነው፤ ኢቫን ግን ያየው ከጫፎቹ አንዱን ብቻ ነው።

ይህን የምለው በአንዲት ትንሽ ዝርዝር ተነሥቼ ነው። ከሴቶቹ ከተለየ በኋላ ኢቫን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ይመለከታል። እሳቱ በጨለማው ውስጥ ብቻውን ብልጭ ይላል፤ በአጠገቡ ሰው አይታይም። ሉኬሪያ ግን እዚያው አካባቢ ናት፤ ማንኪያዎቹ ታጥበው አልቀው ይሆናል። እስቲ በሚቀጥለው የኅብረታችሁ ቀን አንዳችሁ ያንኑ ምሽት በእሷ ዓይን ጻፉት፤ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ ከጨለማ ብቅ ብሎ፣ እጁን እሳትሽ ላይ ዘርግቶ፣ ስለሚመታ ሰው ማውራት ከጀመረበት ቅጽበት ተነሥታችሁ፣ ከአንድ ገጽ ሳታልፉ፣ እሱ ምን እንዳሰበ አንዲት ቃል ሳትጨምሩ።