ተራኪዋና ሽፋኗ፦ በአንድ የወጣቶች ልብ ወለድ ላይ የቀረበ ሂስ

የመጽሐፍ ሽፋን የሥነ ጽሑፍ ሂስ ጉዳይ ነው ብዬ ለብዙ ዓመታት አላምንም ነበር። ተማሪ ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲጽፍ ከሽፋኑ ሥዕል ከተነሣ፣ «ይህ የአሳታሚው እንጂ የደራሲው ሥራ አይደለም፤ ወደ ድርሰቱ ግባ» የሚል እርማት በቀይ ቀለም ጽፌ እመልስለት ነበር። ይህን እርማቴን አሁን በከፊል መሻር ግድ ሆኖብኛል። ለዚህ ያበቃኝ አውስትራሊያዊቷ ደራሲ ጀስቲን ላርባለስቲየር በ2009 ያሳተመችው «ላየር» የተሰኘ የወጣቶች ልብ ወለድ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱን «ቀጣፊ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ፤ «ቀጣፊዋ» ያላልሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለማሳየት የምሞክረው ይህን ነው። በአንደኛ መደብ በሚተረክ ልብ ወለድ፣ በተለይም ተራኪው የማይታመን በሆነበት፣ የሽፋን ሥዕል ጌጥ ሆኖ አይቀርም፤ ከተራኪው ውጭ ቆሞ በተራኪው ላይ የሚመሰክር ሌላ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህም ሽፋንን ስንዳኝ ማማሩንና ዓይን መሳቡን ብቻ ሳይሆን፣ ድርሰቱ ሆን ብሎ የደበቀውን ወይም አጽንቶ የተናገረውን ነገር «እኔ ከእሱ ይልቅ ዐውቃለሁ» ይል እንደሆነ መጠየቅ ይኖርብናል።

ፈረንሳዊው ዤራር ዥኔት በ1987 «ደጃፎች» ሊባል በሚችል ርእስ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ርእስን፣ መቅድምን፣ የደራሲን ስም፣ ሽፋንንና የመሳሰሉትን አንባቢ ወደ ድርሰቱ የሚዘልቅባቸው በሮች አድርጎ አጥንቷቸዋል። ዌይን ቡዝ ደግሞ ቀደም ብሎ በ1961 የማይታመን ተራኪ የሚለውን ጽንሰ ሐሳብ ለሂስ አበርክቷል። እኛ መምህራን ሁለቱን ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ሳምንት እናስተምራቸዋለን። «ቀጣፊ» በአንድ ሳምንት እንድናስተምራቸው የሚያስገድድ መጽሐፍ ነው።

በወጣቶች ልብ ወለድ ጉዳዩ የሚከርርበት ምክንያት አለ። ይህ ዘውግ ከሌሎች ይልቅ በ«እኔ» ላይ የተደገፈ ነው። ለዘመናዊው የአሜሪካ የወጣቶች ልብ ወለድ መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የኤስ ኢ ሂንተን «ዘ አውትሳይደርስ» (1967) የሚተረከው በአንድ ጎረምሳ አንደበት ነው፤ ደራሲዋ ግን ወጣት ሴት ነበረች። ሐያስያን ሴት መሆኗን ዐውቀው ሥራዋን እንዳይንቁት በሚል በአሳታሚዋ ምክር ሽፋኑ ላይ የስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ሰፈሩ። በሽፋን ላይ ሁለት ፊደላት እንኳ አንባቢው በውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ማን እንደሚናገረው ይወስናሉ ማለት ነው።

ወደ «ቀጣፊ» እንግባ። ተራኪዋ ማይካ የዐሥራ ሰባት ዓመት የኒው ዮርክ ተማሪ ናት። አባቷ ጥቁር፣ እናቷ ነጭ ፈረንሳዊት ናቸው። የፍቅር ጓደኛዋ ዛክ ሞቶ ተገኝቷል፤ ጥርጣሬው ወደ እሷ ያዘነብላል። ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ እንደምትነግረን ቃል ገብታ ትጀምራለች፤ ጥቂት ምዕራፎች እንደ ሄድን ዋሽቼ ነበር ትለናለች፤ እንደገና ቃል ትገባለች፤ እንደገና ታፈርሳለች። ስለ ወንድሟ የነገረችንን ቆይታ ትሽረዋለች። በመጽሐፉ አጋማሽ ላይ ከዘሯ በወረሰችው ነገር ምክንያት ወደ ተኩላነት እንደምትለወጥ ትገልጽልናለች። (የእኛ አገር አንባቢ እዚህ ላይ ስለ ቡዳና ስለ ጅብ የሰማውን ማስታወሱ አይቀርም።) ይህን አምነን ከተቀበልነው ልብ ወለዱ የምትሐት ታሪክ ይሆናል፤ ካላመንነው ደግሞ አእምሮዋ የታወከ፣ ምናልባትም ሰው የገደለች ልጅ ኑዛዜ ነው። ደራሲዋ ከሁለቱ አንዱን አትመርጥልንም። የመጽሐፉ ጥንካሬ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ሆነው በፊትና በኋላ እየተፈራረቁ ስለሚመጡ አንባቢው የጥርጣሬውን ሒሳብ ሲያወራርድ ሌላ ዕዳ ይጨመርበታል። ደካማ ጎን የለውም አልልም። ስለ ቤተሰቧ ታሪክ የምትዘረዝርባቸው ክፍሎች ይንዛዛሉ፤ ከማይካ በቀር ያሉት ገጸ ባሕርያትም ብዙዎቹ ሥጋ የለበሱ አይደሉም። ለዚህ ግን ራሷ ተራኪዋ ለራሷ እንጂ ለሌላው ዓይን የሌላት መሆኗ በቂ ማመካኛ ይመስለኛል።

እኔ መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብሁት ከአንድ ወዳጄ በተዋስሁት ቅጂ ነው። ወዳጄ እንደ ልጅነት ደብተራችን በጋዜጣ ለብዶት ነበርና የሽፋኑን ሥዕል አላየሁትም። ማይካ ስለ ራሷ የነገረችኝን ይዤ፣ የሻረችውን እየሻርሁ፣ ያልሻረችውን እያጸናሁ ጨረስሁት። ስለ ብዙ ነገር ተጠራጥሬአለሁ፤ ጥቁር መሆኗን ግን አንድም ጊዜ አልተጠራጠርሁም። ከዚያ በኋላ ነው ለአሜሪካ እትም መጀመሪያ ተዘጋጅቶ የነበረውን ሽፋን በምስል ያየሁት። ፎቶግራፉ ረጅምና ለስላሳ ጠጉሯን አፏ ላይ የጎተተች ነጭ ልጃገረድ ያሳያል። የተሰማኝን ሳልደብቅ ልናገር፦ «ለካስ ይህንንም ዋሽታኛለች» አልሁ። ከሦስት መቶ ገጽ በላይ አብሬያት የተጓዝሁትን ተራኪ በአንድ ፎቶግራፍ ምክንያት ካድኋት።

የካድኋት እኔ ብቻ አልነበርሁም። ከመታተሙ በፊት ለአስተያየት የተሰራጨው ቅጂ ይህንኑ ሽፋን የለበሰ ስለ ነበር፣ ያነበቡት ሰዎች ማይካ በእርግጥ ነጭ ናት ወይ እያሉ ደራሲዋን ይጠይቋት ጀመር። ላርባለስቲየር በሐምሌ 2009 ጉዳዩን በአደባባይ አነሣችው። ማይካን ጥቁር፣ ጠጉሯም አጭርና ተፈጥሯዊ ኩርፍርፍ አድርጋ እንደ ሣለቻት፣ ሽፋኑ ላይ የማንም ፊት እንዲወጣ እንዳልፈለገች፣ የአውስትራሊያው አሳታሚ አለን ኤንድ አንዊን ባወጣው ፊደል ብቻ ያለበት ሽፋን ግን እንደ ተደሰተች ገለጸች። ተቃውሞው በረታ። የአሜሪካው አሳታሚ ብሉምስበሪም በነሐሴ ወር ሽፋኑን እንደሚለውጥ አስታወቀ፤ መጽሐፉ ለገበያ የዋለው ጥቁር ልጃገረድ በምትታይበት አዲስ ሽፋን ነው።

ከዚህ ክርክር ውስጥ ለሂስ የሚጠቅመው አሳታሚው መጀመሪያ ያቀረበው መከላከያ ነው። ነገሩ ሲጠቃለል፦ ተራኪዋ መዋሸት ልማድ የሆነባት ሰው ናት፤ ሌላውን ሁሉ የማያምናት አንባቢ ስለ ዘሯ የተናገረችውን ብቻ ለምን ያምናል? ሽፋኑም የድርሰቱን ባሕርይ የተከተለ ነው የሚል ነበር። ይህ ብልጠት ያለበት መልስ ነው፤ በንቀት መታለፍ የለበትም። ፎቶግራፉም እንደ ፎቶግራፍ መጥፎ አይደለም። በገዛ ጠጉሯ አፏን የሸፈነች ልጅ የመጽሐፉን ጭብጥ በአንድ እይታ ትናገራለች።

መልሱ የሚፈርሰው ግን ማን ነው የሚናገረው ብለን ስንጠይቅ ነው። ማይካ ሽፋኑን አላነሣችውም። ስለ ሽፋኑ መኖርም አታውቅም። ሽፋኑ በአንደበቷ ውስጥ ያለ ውሸት ቢሆን ኖሮ እንደ ሌሎቹ ውሸቶቿ ልንመረምረው በቻልን ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ የመጣ ነውና አንባቢው የሚያቆመው ከቀጣፊዋ ጎን ሳይሆን ከዳኛው ጎን ነው። ፎቶግራፍ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። ከጽሑፍ በፊት የቆመ ምስል ምስክርነት እንዳለው እኛም ከብራና መጻሕፍታችን እናውቃለን፤ በወንጌላቱ ላይ ከእያንዳንዱ ወንጌል አስቀድሞ የወንጌላዊው ሥዕል ይቀመጣል፤ አንባቢውም የሚናገረው እሱ ነው ብሎ ይቀበላል እንጂ ሥዕሉን አይመረምርም።

ሁለተኛም፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ውሸት የራሱ ሥርዐት አለው። ማይካ ትዋሻለች፤ ቆይታ የዋሸችውን ራሷ ትሽራለች። መሻሩ ራሱ ሌላ ውሸት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የትኛው ነገር አጠራጣሪ እንደ ሆነ የሚጠቁመን ይኸው የመሻር ልማዷ ነው። ሴት መሆኗንና ጥቁር መሆኗን አትሽርም። ደራሲዋም እነዚህ መሠረታውያን ነገሮች ተአማኒ ሆነው እንዲቆዩ ብዙ እንደ ደከመች ተናግራለች። (ደራሲ ስለ ሥራው የሚለው ማስረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ እዚህ ግን ድርሰቱም ይኸንኑ ይላል።) የአንባቢ ጥርጣሬ እንደ ልብ የሚባክን ሀብት አይደለም። ልብ ወለዱ ዛክን ማን ገደለው፣ ይህችስ ልጅ ራሷ ምንድን ናት በሚሉት ጥያቄዎች ላይ እንድናውለው አቅዷል፤ ሽፋኑ ድርሰቱ ባልጠየቀው ጥያቄ ላይ ያባክነዋል።

ሽፋን ከድርሰት ጋር ሲጣላ ሁልጊዜ ጉዳቱ እኩል አለመሆኑን ለማየት የኧርሱላ ለ ጊንን «ኤ ዊዘርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (1968) እናስታውስ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌድ መልኩ ቀይ ዳማ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የወጡ አንዳንድ ሽፋኖች ግን ነጭ አድርገውታል፤ ደራሲዋም በዚህ ደጋግማ ተማርራለች። በደሉ አንድ ዓይነት ነው። የንባቡ ውጤት ግን ይለያያል፤ ያ ልብ ወለድ በሦስተኛ መደብ በሚታመን ተራኪ ስለሚተረክ አንባቢው ጥቂት ገጾች እንዳነበበ ሽፋኑ መሳሳቱን ይረዳል። በ«ቀጣፊ» ግን አንባቢው ስሕተቱን የሚያስረክበው ለሽፋኑ ሳይሆን ለልጅቱ ነው። ሳሊንጀርም ይህን ሳይረዳው አልቀረም። «ዘ ካቸር ኢን ዘ ራይ» በ1953 በርካሽ እትም ሲወጣ ጀግናውን ቀይ ቆብ አድርጎ ሻንጣ አንጠልጥሎ በኒው ዮርክ ጎዳና የሚያሳይ ሥዕል ነበረው፤ ደራሲው አልወደደውም። በ1964 በሌላ አሳታሚ የወጣው እትም ከርእሱና ከስሙ በቀር ምንም ሥዕል የለበትም። ብዙዎች ይህን እንደ ግትርነቱ ይቆጥሩታል። እኔ ስለ አንደኛ መደብ ተራኪ የተጻፈ አጭር ሂስ አድርጌ አየዋለሁ።

የንግዱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ላርባለስቲየር እንደ ገለጸችው በአሳታሚዎች ዘንድ የጥቁር ሰው ፊት ያለበት ሽፋን አይሸጥም የሚል እምነት ሥር ሰዷል፤ እንዲህ ያሉት መጻሕፍት የማይሸጡት ማስታወቂያ ስለሚነፈጋቸው መሆኑ ግን አይነገርም። በጥር 2010 ያው ብሉምስበሪ የጃክሊን ዶላሞርን «ማጂክ አንደር ግላስ» መልኳ ጠቆር ያለ ገጸ ባሕርይ እያለው ነጭ ሴት በሚያሳይ ሽፋን አውጥቶ፣ ከተቃውሞ በኋላ ሰብስቦታል። በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር ከትረካ ንድፈ ሐሳብ ጋር ዝምድና የለውም። ስለ ማይታመን ተራኪ የቀረበው መከላከያ ከሽፋኑ በኋላ የመጣ መሆኑን ለመጠርጠር ይህ ይበቃል። አንዲት ጥቁር ወጣት መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥታ ራሷን በውስጡ ታገኝ እንደሆነ የሚወስነው ግን ያ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን ፎቶግራፉ ነው።

አሁን ወደ ርእሱ ትርጉም ልመለስ። ማይካ አዲስ ትምህርት ቤት በገባችበት ቀን ወንድ መስላ ትታያለች፤ እሷም ዝም ብላ ታስወራዋለች። ስሟም ይረዳታል፤ ማይካ የእኛው ሚክያስ ነው። ይህን ክፍል ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ለመመለስ ሞክሬ ነበር። «መጣሁ»፣ «ሮጥሁ»፣ «ዋሸሁ» ስትል አማርኛ ጾታዋን አያጋልጥባትም። ክፍሉ ሲያናግራት ግን እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚያልፈውን እኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት አለብን። ሴት መሆኗን የሚያውቀው አንባቢ ልጆቹ በየመስመሩ «አንተ» ሲሏት እየሰማ ይሄዳል፤ ውሸቱ በእንግሊዝኛው ዝም ያለበት ቦታ ላይ በእኛ ቋንቋ ይጮኻል። «ቀጣፊዋ» የሚል ርእስ ይህን ገና ደጃፉ ላይ ያበላሸዋል ብዬ ነው የተውሁት።

ይኸው ትዕይንት መጀመሪያ የታሰበውን ሽፋን ከማናቸውም ክርክር በላይ ይረታዋል። ትከሻዋን ያለፈ ለስላሳ ጠጉር ያላትን ያቺን ልጅ የትኛው ክፍል ነው «አንተ» የሚላት? አዲሱ ሽፋን ዘሯን መልሶላታል፤ ፊት ግን አልነሣትም፤ የምታየንም አሁንም ቆንጆ ልጃገረድ ናት። ከሁሉ የምመርጠው የአውስትራሊያውን ነው። የጀመርሁት ትርጉም በክፍል ውስጥ በተባዛበት ጊዜ አንድ ተማሪዬ ፊት ገጹ ላይ ሥዕል እንዲገባበት ጠይቆኝ፣ «ቀጣፊ» የሚለውን ቃል ብቻ በትልቁ ጽፌ ሰጠሁት። በማግሥቱ ከቃሉ ሥር አንድ የዓይን ጥንድ በእርሳስ ስሎበት መጣ። አላጠፋሁትም፤ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም ነበር።