የሚረሳ ኮምፒውተር አገኘሁ!

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር በነፃ እየታደለ ዝም ብለን የኖርነው እንዴት ነው? ስሙ ቴልስ ይባላል። 8 ጊጋ ፍላሽ የሚበቃው ሙሉ የሊኑክስ ሲስተም ነው። ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ማሽኑን ከዚያው ታስነሱታላችሁ፤ ዊንዶውሱ እንደተኛ ይቀራል፣ ሃርድ ዲስኩም አይነካም። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው ራም ላይ ነው። ስታጠፉት የከፈታችሁት ገጽ፣ የጻፋችሁት፣ ያወረዳችሁት፣ ሁሉም የለም! ድንኳን ተተክሎ፣ ተበልቶ፣ ተጨፍሮ፣ ሲነቀል ሣሩ እንኳ ያልተረገጠ ሲሆን አስቡት።

ከሁሉ ያስፈነደቀኝ ግን ፍላሹን ሲመዙት የሚሆነው ነው። ማጥፊያ ፍለጋ የለ፣ "እርግጠኛ ነዎት?" የሚል ጥያቄ የለ። መዘዝ ስታደርጉት ማሽኑ ይጠፋል፤ ራሙ ላይ የቀረውንም ጠርጎ ነው የሚጠፋው። የምደብቀው ሳይኖረኝ ለደስታው ብቻ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር መምዘዝ እያማረኝ ተቸግሬያለሁ።

ኢንተርኔቱስ? ከቴልስ የሚወጣው ሁሉ በቶር መረብ፣ በሦስት ጣቢያዎች በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ከየት እንደመጣችሁ ያያል፣ ወዴት እንደምትሄዱ አያውቅም፤ የመጨረሻው መድረሻችሁን ያያል፣ እናንተን አያውቅም። አንድ ፕሮግራም በአቋራጭ ልውጣ ቢል በሩ ይዘጋበታል። የቶርን ብሮውዘር ዊንዶውስ ላይ መጫንማ ማንም ይችላል፤ የቀረው ማሽን ግን ዱካችሁን መመዝገቡን አይተውም። እዚህ ጥንቃቄው የእኔ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሲስተሙ ሆኗል። እኔ ብዘናጋ እንኳ እሱ አይዘናጋም!

"ቶር እኮ ይታገዳል" የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥም ታግዶ ነበር። ቴልስ ግን ገና ሲገናኝ ቶር መጠቀማችሁን ከአካባቢው ኔትወርክ መደበቅ ትፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ አዎ ካላችሁ "ድልድይ" በሚባሉ፣ በይፋ ዝርዝር ውስጥ በሌሉ መግቢያዎች ያሻግራችኋል።

ደግሞ የትናንት ልጅ አይደለም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ተገንብቶ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ሲያወጣ እሱና አብረውት የሠሩት ጋዜጠኞች፣ እነ ሎራ ፖይትራስና ግሌን ግሪንዋልድ፣ የተማመኑት በዚሁ ነበር። በ2024 ከቶር ፕሮጀክት ጋር ተዋህዷል።

ሰነድ ማስቀመጥ ለፈለገ ፍላሹ ላይ በይለፍ ቃል የሚከፈት፣ የተመሰጠረ ማኅደር አለ። የመረጣችሁት ብቻ ይቆያል፣ ሌላው ይረሳል።

ተአምር ነው አልልም። ቶር ስለሆነ ይንቀራፈፋል። በገዛ ስማችሁ ፌስቡክ ከገባችሁ ፌስቡክ ያውቃችኋል፣ ምን ይደረግ! ኪቦርዱ ላይ የስለላ ዕቃ ከተገጠመበት ማሽንም አያድናችሁም። አዲሶቹ የአፕል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም።

ፋይሉን ከራሱ ከቴልስ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ የወረደው ያልተነካካ መሆኑን የምታረጋግጡበትም እዚያው አለ። ሲጫን ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ የልጃችሁ የልደት ፎቶ ያለበትን እንዳታመጡ!