ዱባው፣ ጉድጓዱ እና የ125 ሰዎች ሰዓት

«ይሄን ሁሉ መንገድ የሄድሽው ዱባ ለማየት ነው?»

እህቴ ናት። በላክሁላት ፎቶ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የወረሰው ቢጫ ዱባ ወደ ባሕር ገባ ባለ የኮንክሪት መድረክ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። «አትክልት ተራ ሞልቶልሽ የለ እንዴ?» ብላ ጨመረችበት። ሳቅሁ። ጥያቄዋ ግን ሁለቱን ቀን ሙሉ አልለቀቀኝም። እውነትም ሰው እዚህ ድረስ ምን ሊያይ ነው የሚመጣው?

ዱባው የያዮይ ኩሳማ ሥራ ነው። ቦታው ናኦሺማ ይባላል፤ በጃፓን ሴቶ የውስጥ ባሕር ላይ ያለች፣ 3 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ደሴት። ለአጭር ሥልጠና ኦሳካ ከርሜ፣ ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት ሁለት ነፃ ቀን ተረፈኝና ብቻዬን ሄድሁ። በባቡር እስከ ኦካያማ፣ በሌላ ባቡር እስከ ኡኖ ወደብ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በጀልባ። ስለ ናኦሺማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይመሳሰላል፤ ሰላም፣ ዝምታ፣ ጥበብና ተፈጥሮ የተጋቡባት ደሴት ምናምን። እኔም ይህንኑ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ይዤ የተመለስሁት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ በዚህች ደሴት ላይ የሚቆጥረው ሰዓት የማን ነው? (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዱባው ልጀምር። የተተከለው በ1994 ነው። በኦገስት 2021 ታይፉን መጣና ከመድረኩ ነቅሎ ባሕር ውስጥ ከተተው። ዱባው በማዕበል እየተላጋ ከዳርቻው ጋር ሲጋጭ የሚያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። በ2022 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ ተሰልፈን አብረን ፎቶ የምንነሳው ከሁለተኛው ዱባ ጋር ነው። ቅር ያለው ሰው አላየሁም፤ እኔም ተሰልፌ ተነሳሁ። ብቻዬን ስለነበርሁ ስልኬን ከኋላዬ ለቆሙ ጥንዶች ሰጠሁ፤ እነሱም አነሱኝ፤ እኔም አነሳኋቸው፤ ተጎነባብሰን ተለያየን። ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ይሄን የምለው ዱባውን ለማጣጣል አይደለም። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከግራጫው ባሕር ፊት እንደ ቀልድ ጉብ ብሏል። ግን ሥራው «ደርሰሻል» ማለት ብቻ ነው። ጊዜ አይጠይቅም። ካየነው በኋላም ካየነው በፊት ከምናውቀው የተለየ ነገር አይሰጠንም።

ጉድጓዱ ሌላ ነው። ቺቹ የሚባለው ሙዚየም ስሙ ራሱ «ከመሬት በታች» እንደ ማለት ነው። ታዳዎ አንዶ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ2004 ሲከፈት የኮረብታውን መልክ እንዳያበላሽ ተብሎ ኮረብታው ውስጥ ተቀብሮ ነው። ትኬት የሚቆረጠው አስቀድሞ በኢንተርኔት፣ ከነመግቢያ ሰዓቱ ነው። ፎቶ ክልክል ነው። በውስጡ የሦስት ሰዎች ሥራ ብቻ አለ፦ የክሎድ ሞኔ፣ የዋልተር ደ ማሪያ እና የጄምስ ተሬል።

ሞኔ ያለበት ክፍል ከመግባታችን በፊት ጫማችንን አውልቀን ነጠላ ጫማ አደረግን። ጫማ ማውለቅ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ያደገ ሰው ጫማው ሲወልቅ ድምፁም አብሮ ዝቅ ይላል። ወለሉ በትንንሽ ነጭ የእብነ በረድ ድንጋዮች የተሞላ ነው። ግድግዳው ማዕዘን የለውም፤ ታጥፎ ያልፋል። አምስት የውሃ አበባ ሥዕሎች አሉ፤ አምፖል የሚባል ነገር የለም፤ ብርሃኑ ከላይ፣ ከሰማይ ነው የሚወርደው። ደመና ሲያልፍ ሥዕሉ ላይ ያለው ሐምራዊ ወደ አመድማ ይሄድና ቀስ ብሎ ይመለሳል። አምስት ደቂቃ የቆምሁ መስሎኝ ነበር። ሰዓቴን ሳይ ግማሽ ሰዓት አልፏል።

ደ ማሪያ ጋ ደግሞ ደረጃዎች ያሉት ሰፊ አዳራሽ መሃል ከሁለት ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን በወርቅ የተለበጡ የእንጨት ቅርፆች ግድግዳው ላይ ቆመዋል። ርዕሱ «ጊዜ፣ ጊዜ የለሽ፣ አልቦ ጊዜ» እንደ ማለት ነው። ተሬል ጋ ጣሪያው አራት ማዕዘን ተቆርጦ ሰማዩ ብቻ ይታያል፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሰማይ አየሁ። ይኼው ነው። ይበቃል ደግሞ።

እንግዲህ ቺቹ በጣም ያምራል። ይሄን ሳልደብቅ ነው የሚቀጥለውን የምለው። ከጉድጓዱ ወጥቼ ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ ነገር ከነከነኝ። ውስጥ በቆየሁበት ሰዓት ሁሉ ማየት ያለብኝን ሌላ ሰው መርጦልኛል። በየትኛው ኮሪደር እንደምሄድ፣ ሰማይን በስንት ሜትር በስንት ቀዳዳ እንደማይ፣ መቼ ዝም እንደምል። ዝምታው የኔ አልነበረም፤ የተዘጋጀልኝ ዝምታ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ የባሰው ጥያቄ መጣ፦ ቺቹን እንዳለ ነቅላችሁ ሌላ አገር፣ ሌላ ኮረብታ ውስጥ ብትቀብሩት ምን ይጎድለዋል? ሰማይ የትም አለ። ፀሐይም የትም አለች። እዚያ ውስጥ የሚቆጥረው የፀሐይ ሰዓት ነው፤ የፀሐይ ሰዓት ደግሞ የማንም አይደለም። ደሴቷ በኮረብታዋ ውስጥ ይሄን ሁሉ ውበት ተሸክማ እሷ ራሷ የለችበትም።

ታዲያ ደሴቷ የት ነች? መልሱ ግማሹ በስተሰሜን ነው። ከኡኖ በጀልባ ስንመጣ መጀመሪያ የሚታየው ዱባ ሳይሆን ፋብሪካ ነው። ከ1917 ጀምሮ ናኦሺማ የሚትሱቢሺ መዳብ ማቅለጫ ደሴት ነች። ፋብሪካው እንጀራ ሰጠ፤ ጭሱ ደግሞ የሰሜኑን ኮረብቶች ራሰ በራ አደረገ። ጥበቡ የመጣው ኋላ ነው። በ1985 የደሴቷ ከንቲባ ቺካትሱጉ ሚያኬ እና የኦካያማው አሳታሚ ቴትሱሂኮ ፉኩታኬ ተገናኝተው ደቡቡን የባህልና የትምህርት ቦታ ለማድረግ ተስማሙ። ፉኩታኬ በዓመቱ አረፉ፤ ዛሬ ቤኔሴ የሚባለውን ኩባንያም ሐሳቡንም ልጃቸው ሶይቺሮ ወረሱ። በ1989 የልጆች ካምፕ፣ በ1992 ሆቴልም ሙዚየምም የሆነው ቤኔሴ ሀውስ ተከፈተ። እንዲህ እያለ ደቡቡ የዓለም ጎብኚ የሚጎርፍበት ሆነ። ሰሜኑ ግን አልተዘጋም። ፋብሪካው ዛሬም ይሠራል፤ ከመዳብ ማዕድን ሌላ ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ወርቅና መዳብ ያወጣል። ዱባውን የምናነሳበት ስልክ አርጅቶ ሲጣል መጨረሻው ይህችው ደሴት ልትሆን ትችላለች ማለት ነው።

ሌላም ታሪክ አለ። ጎረቤቷ ቴሺማ ላይ ከ1970ዎቹ አንሥቶ እስከ 1990 ድረስ የኢንዱስትሪ ቆሻሻ በሕገወጥ መንገድ ሲደፋ ኖረ። የቴሺማ ሰዎች ዓመታት ተሟግተው በ2000 ከካጋዋ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ጋር ስምምነት ላይ ደረሱ። ቆሻሻው የት ይሂድ? ወደ ናኦሺማ። በሰሜኑ ጫፍ ማቃጠያ ተሠርቶ ከ2003 እስከ 2017 ድረስ ከ900 ሺህ ቶን በላይ ቆሻሻና የተበከለ አፈር በመርከብ ተጓጉዞ እዚያ ታክሟል። ዓመቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቺቹ በ2004 ተከፍቶ ጎብኚው ነጠላ ጫማ አጥልቆ በነጭ እብነ በረድ ላይ ሲራመድ፣ በዚያው ደሴት በሌላኛው ጫፍ የጎረቤት ቆሻሻ ከመርከብ ይራገፍ ነበር።

ይሄን እንደ ቅሌት ለማጋለጥ አይደለም የማነሳው። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። የጎረቤትን መርዝ ተቀብሎ ማከም አንድ ደሴት ከምትሠራቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ይመስለኛል። ግን ለሁለት ቀን ባዘጋጀሁት የሚታዩ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ጥፋቱ የኔም ነው። ሰላሟን ልንሸምት የምንመጣ ሰዎች የሰላሙን ዋጋ ማን እንደከፈለ አንጠይቅም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ባደርሁበት ሆንሙራ መንደር ውስጥ እየዞርሁ ነበር። ጠባብ መንገድ፣ ጠቆር ያለ የእንጨት ግድግዳ፣ በር ላይ የአበባ ማሰሮ። እዚህ ከ1998 ጀምሮ ባዶ የቀሩ ቤቶችንና የመንደሩን አሮጌ ቦታዎች ለአርቲስቶች እየሰጡ ሥራ ያሠሩባቸዋል። የመጀመሪያው ካዶያ ይባላል። የ200 ዓመት ዕድሜ ያለው ቤት ነው፤ ሥራው የታትሱዎ ሚያጂማ። ከውጭ ሲያዩት ቤት ነው በቃ። ገብቼ ጫማዬን አወለቅሁ። ወለሉ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ጨለማ ውስጥ የተኛ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ ትንንሽ የኤልኢዲ ቁጥሮች ይበራሉ። 125 ናቸው። እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 9 ይቆጥራሉ። ዜሮ የለም፤ በዜሮ ቦታ ጨለማ ይሆንና እንደገና ከ1 ይጀምራል።

አንዱ ይሮጣል። አንዱ ከ3 ወደ 4 ለመሄድ እስኪያስጨንቅ ድረስ ይቆያል። የፍጥነቱን ልዩነት የወሰነው ሚያጂማ አይደለም። 125 የደሴቷ ነዋሪዎች፣ ልጅም አዛውንትም፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ቁጥር ፍጥነት እንዲመርጡ ተጠየቁ። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ውሃውን ያየሁበት ዓይን ተለወጠ። ያቺ የምትቸኩለው ምናልባት ለመጫወት የቸኮለ ልጅ ናት። ያቺ የምትዘገየው ደግሞ ምናልባት ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት። አላውቅም፤ ማወቂያም የለኝም። ከ1998 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? ከመረጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት አይኖሩም። ቁጥሮቹ ግን ይቆጥራሉ፤ ሲጨልሙ ደግሞ እንደገና ይጀምራሉ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ብቻዬን በሄድሁበት አገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እንዳልሆንሁ ተሰማኝ።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይላል ሰው አገር ቤት። ናኦሺማ ላይ ሁሉም «ጥበብ» በሚል አንድ ስም ይጠራል፤ አበቃቀሉ ግን ለየቅል ነው። ቺቹን ካዶያ ላይ አስቀምጣችሁ አትመዝኑት። ቺቹ ደሴት አያስፈልገውም፤ ኮረብታ ይበቃዋል። ካዶያ ግን ከዚህ መንደር ሌላ የትም ሊኖር አይችልም። ልዩነቱ በአርቲስቱ እንዳይመስላችሁ። ያው ጄምስ ተሬል እዚሁ ሆንሙራ ውስጥ፣ ድሮ ቤተ መቅደስ በነበረበት ቦታ አንዶ በሠራው ሚናሚዴራ፣ «የጨረቃ ጀርባ» የሚል ሥራ አለው። ግድግዳ እየዳበስን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ገባን። ተቀመጥን። ከጎኔ የማላውቀው ሰው ይተነፍሳል። ብዙ ደቂቃ ምንም የለም። ከዚያ ፊት ለፊት የደበዘዘ ብርሃን ብቅ አለ። ብርሃኑ ግን አሁን አልበራም፤ ከመጀመሪያውም ነበር፤ ያልደረሰው ዓይናችን ነው። ስወጣ የተቀበለኝ የተቆረጠ ሰማይ አይደለም፤ የሰው ግቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ ነው።

የማልስማማበትንም ልናገር። ካዶያንም ያሠራው ያው የኩባንያው ገንዘብ ነው። የአንድ ቁጥር ፍጥነት መምረጥ ደሴቷ ምን ትሁን ብሎ መወሰን አይደለም። ለ125 ሰው ሰዓት ሰጥቶ ቀን መቁጠሪያውን ሌላው ቢይዘውስ? ደግሞም ጠዋት ደጃቸውን ሲጠርጉ ያየኋቸው እናት እንደኔ ዓይነቱን እንግዳ በየቀኑ ማየት ደስ ይላቸው እንደሆነ ጎንበስ ካሉት ሰላምታ መገመት አልቻልሁም። ይሁንና ካዶያ ቢያንስ ጥያቄውን ያነሳል። ጊዜው የማን እንደሆነ ሰዎቹን ጠይቆ፣ መልሳቸውን ውሃ ውስጥ አኑሮታል።

ስለዚህ ሁለት ቀን ብቻ ላላችሁ ምክሬ ይሄ ነው። ዱባውን በሁለት ደቂቃ ጨርሱ። ቺቹ ግቡ፤ ግማሽ ሰዓታችሁን ሞኔ ጋ ተዉት፤ አትጸጸቱም። ካዶያ ግን ሁለት ጊዜ ግቡ፤ አንዴ ሳታውቁ፣ አንዴ አውቃችሁ። (እኔ አሁን ነግሬያችሁ አበላሸሁት፤ ይቅርታ።) ወደ ኡኖ ስትመለሱ ደግሞ ጀልባው ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና ወደ ሰሜኑ ጫፍ ተመልከቱ። የደሴቷ ሌላው ሥራ እዚያ ነው ያለው፤ ትኬት አይጠየቅበትም።

እኔም ጀልባው ላይ ሆኜ ጭስ ማውጫዎቹን እያየሁ ነበር እህቴ እንደገና የጻፈችልኝ። «ከዱባው የተሻለ ያየሽው ካለ ላኪልኝ» ትላለች። አለ አልኋት፤ ፎቶ ማንሳት ግን አይፈቀድም። ስመጣ አጠገቤ ቁጭ በይና እነግርሻለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል።